ፍልስፍናን በዲግሪ መማር፣ ሕግ መግባት ወይስ በጎን መያዝ? ለባሕር ዳር ተማሪዎችና ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

ከዘጌ ቡናቸውን በጀልባ አምጥተው ባሕር ዳር የሚሸጡ አንድ አባት፣ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍልስፍና ልማር ማለቱን ነግረውኝ የጠየቁኝ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ሲጨርስ ምን ይባላል?» ሕግ የተማረ ጠበቃ ወይም ዐቃቤ ሕግ ይባላል፤ አካውንቲንግ የተማረ የሒሳብ ባለሙያ ይባላል፤ ጤና የተማረም ነርስ ወይም ሐኪም ነው። ፍልስፍና የተማረ ሰው ግን ፈላስፋ አይባልም፤ ቢባልም በከተማችን አነጋገር «አትፈላሰፍብን» ከሚለው ተግሣጽ ብዙ አይርቅም። ጥያቄውን የአባትየው አለማወቅ የወለደው አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጣው መሥሪያ ቤትም ይህንኑ ነው የሚጠይቀው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፈው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ለሚሞሉ፣ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ጨርሰው የትምህርት ክፍል ለሚመርጡ፣ እንዲሁም ሥራ ይዘው ወደ ትምህርት ለመመለስ ለሚያስቡ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ደርሷል። በዚህ ጠባብ ወንፊት ልጁ ያለፈለት ቤተሰብ በክፍል ምርጫው ላይ መጨነቁ ተገቢ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ አካውንቲንግ ተምሬ፣ ጥቂት ዓመታት ሠርቼበት፣ ፍልስፍናን የተማርሁት ከዚያ በኋላ በማስተርስ ነው። ስለዚህ ከታች ለአራተኛው አማራጭ ያደላሁ ከመሰለ አንባቢው ይህን አስቦ ይቀንስልኝ።

ወረቀቱና ሥልጠናው

«ፍልስፍና መማር» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንዱ ወረቀቱ ነው፤ ትምህርት ክፍሉ የሚሰጠው፣ ለቅጥርና ለቀጣይ ትምህርት የሚቀርበው ዲግሪ። ሌላው ሥልጠናው ነው፤ አባባልን ከማስረጃው ለይቶ ማየት፣ መደምደሚያው ከመነሻዎቹ በእርግጥ መከተሉን መፈተሽ፣ የማይስማሙበትንም ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልሁት ይህንን ነው» በሚልበት መልክ አስቀምጦ ከዚያ በኋላ መተቸት።

ሥልጠናው ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከጣና ዳር መራቅ አያስፈልግም። ከባሕር ዳር በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው በእንፍራዝ በኩል ያልፋል። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ የተባለው የግዕዝ የፍልስፍና ድርሰት እንደሚተርከው፣ ከአክሱም አካባቢ ተሰድዶ በዋሻ የተሸሸገው ደራሲ ኋላ ኑሮውን የመሠረተውና ደቀ መዝሙሩን ወልደ ሕይወትን ያስተማረው በእንፍራዝ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ግን እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጥናት፣ ድርሰቱ የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ አይደለም፤ የእጅ ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ዘመን ለፈረንሳዊው አጥኚ ለአንቷን ዳባዲ የላከው የካፑቺን ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ የጻፈው ነው ሲል ተከራከረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የድርሰቱን ኢትዮጵያዊነት ደግፈው በሰፊው ጻፉ። ያልሠለጠነ አንባቢ «የእኛ ነው» ወይም «የፈረንጅ ነው» ብሎ በስሜት አንዱን ወገን ይይዛል። የሠለጠነው ጥያቄውን ይበልተዋል፦ የእጅ ጽሑፎቹ ዕድሜ የሚያስረዳው ምንድን ነው? የግዕዙ አጻጻፍስ? ሚሲዮናዊው እንዲህ ያለ ድርሰት የመጻፍ ችሎታ ነበረው ቢባል፣ ችሎታው መኖሩ ጽፎታል ለማለት ይበቃል? ደግሞስ ደራሲው ማንም ይሁን፣ በድርሰቱ ውስጥ ያለው ክርክር በራሱ ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከቀደሙት የተለየ መሆኑን ሳይነገሩ ማስተዋል፣ እኔ ባየሁት መጠን፣ ቢያንስ የአንድ ሴሚስተር ልፋት ይጠይቃል።

ወረቀቱን የሚሰጠው ትምህርት ክፍሉ ብቻ ነው። ሥልጠናው ግን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይገኛል፤ ዋጋውም እንደየቦታው ይለያያል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው ጊዜና ወጪ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ፣ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ስለሚከፍል፣ ቤተሰብን ቶሎ የሚነካው የትራንስፖርቱ፣ የኪስ ገንዘቡና ተማሪው ሳይሠራ የሚቆይባቸው ዓመታት ዋጋ ነው።

ሁለተኛው የዘጌው አባት ጥያቄ ነው፦ የትምህርቱ ስም በሥራ ማስታወቂያ ላይ ይገኛል? በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን «ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅት» የሚለውን አምድ ያነበበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ማኔጅመንት፣ ሕዝብ አስተዳደር፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ በስማቸው ይጠራሉ። ፍልስፍና አልፎ አልፎ ብቻ ይጠቀሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ «ወይም ተዛማጅ ሙያ» በምትለው ሐረግ ለመግባት መሟገት ይኖርበታል። የቅጥር ኮሚቴ ደግሞ ተዛማጅ የሆነና ያልሆነውን የሚለየው በያዘው ዝርዝር እንጂ በአመልካቹ የማሳመን ችሎታ አይደለም።

ሦስተኛው አራሚ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋውም ይህ ነው። ፍልስፍና በንባብ ብቻ አይለመድም። አንባቢ የወደደውን ክርክር ልክ ነው ብሎ ያልፋል፤ የጠላውንም አልገባኝም ብሎ ይዘልላል፤ ሁለቱንም የሚያስቆመው የለም። አንድ ሰው የጻፈውን ገጽ ተቀብሎ «እዚህ ላይ ዘለልህ፤ ይህ ቃል በመጀመሪያው አንቀጽ አንድ ትርጉም ነበረው፣ በሦስተኛው ሌላ ሆኗል» የሚል፣ ከዚያም እንደገና አስጽፎ ዳግመኛ የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል። አማራጮቹን ስናነጻጽር «ምን ይነበባል?» ከማለት በፊት «ማን ያርማል? በሳምንት ስንት ጊዜ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አራተኛው ትምህርቱ ለቀጣይ ትምህርት የሚከፍተው በር፣ አምስተኛው ደግሞ የመመለሻ ዋጋው ነው፤ ማለትም ተማሪው በሁለተኛው ዓመት ሐሳቡን ቢለውጥ ምን ያጣል የሚለው። ሁለቱም በየአማራጩ ሥር ስለሚነሡ እዚህ አላስረዝማቸውም።

አማራጭ 1፦ ፍልስፍናን በመጀመሪያ ዲግሪ

የዲግሪው ትምህርት የጋራውን የመጀመሪያ ዓመት ጨምሮ አራት ዓመት ይወስዳል። ይዘቱ አመክንዮ፣ ሥነ ምግባር፣ ሥነ ዕውቀት፣ ዲበ አካል (የመኖርን ምንነት የሚመረምረው)፣ የፖለቲካ ፍልስፍና፣ ከጥንት ግሪክ እስከ ዘመናችን ያለው የፍልስፍና ታሪክ፣ አፍሪካዊና ኢትዮጵያዊ ፍልስፍናን ያካትታል፤ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ አለበት። ንባቡ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከባድም ነው። የአንድ ገጽ ክርክር ለመረዳት አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ንባብ የሚቸገር ተማሪ ችግሩ የፍልስፍናው መስሎት ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል።

ትምህርቱን በዋና ክፍልነት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ናቸው። ለዚህ አንዱ ምክንያት መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶውን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲመድብ የኖረበት አሠራር ነው፤ በጠበበው ድርሻ ውስጥ ደግሞ ሥራ ያስይዛሉ የተባሉት ክፍሎች ቀድመው ይሞሉ ነበር። ረጅም ታሪክ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ትምህርት ክፍል ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከተባለ ወዲህ ግን የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ እንደ ቀድሞው በምደባ ብቻ እገባለሁ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ከባሕር ዳር ያለው ርቀት በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት በሚዘጋበት ወቅት በዓልን ቤት መጥቶ ማሳለፍም የማይቻልበት ጊዜ እንዳለ የዚህ ከተማ ሰው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ምርጫው ሁለት በሮች አሉት፦ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ የሚመረጥበት፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በውጤትና በኮታ ክፍል የሚመረጥበት። ተማሪው የገባበት ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍናን በዋና ክፍልነት የማይከፍት ከሆነ ሁለተኛው በር ላይ ደርሶ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ዝውውርም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ይህን አማራጭ የሚፈልግ ሰው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ክፍሉ በዚያው ዓመት አዲስ ተማሪ መቀበል አለመቀበሉን ከሬጅስትራር ማረጋገጥ አለበት። ክፍሉ በድረ ገጽ መዘርዘሩ በዚያ ዓመት ይከፈታል ማለት አይደለም።

በአራሚ መስፈርት ይህ አማራጭ ከዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዲግሪ አማራጮች ሁሉ ይበልጣል፤ ቢያንስ መብለጥ ይገባዋል። ክፍሎቹ አነስተኛ ስለሆኑ መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል፤ የጻፈውንም ያነብለታል። በቅጥር መስፈርት ግን ደካማ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፍልስፍና የሚባል የትምህርት ዓይነት ስለሌለ የመምህርነት በር እንኳ በቀጥታ አይከፈትለትም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው አዲስ ገቢ ሁሉ «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» እንዲወስድ መደረጉ ለፍልስፍና መምህራን ሥራ ፈጥሯል፤ ለዚያ ቅጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይጠየቃል። የመጀመሪያ ዲግሪው ብቻውን ወደ ሥራ የሚያደርሰው በጥናትና ምርምር ረዳትነት፣ በጋዜጠኝነት፣ በአርትዖት፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ውስጥ በሪፖርት ጸሐፊነት ነው፤ በእነዚህም ቦታዎች የሚያስቀጥረው የጽሑፍ ናሙናው ነው።

የመመለሻ ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና አልፎ ዲግሪውን ስለሚቀበልና ፈተናው በተመረቁበት ትምህርት ስለሆነ፣ በግማሽ ልብ ተምሮ መውጣት አይቻልም።

ለፍልስፍና የሚሟገቱ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ማስረጃ አለ፦ በአሜሪካ ለድኅረ ምረቃ በሚሰጠው የጂ አር ኢ ፈተና፣ ፍልስፍና ለመማር ያሰቡ ተፈታኞች በንባብና በትንታኔ ጽሑፍ አማካይ ውጤታቸው ከሁሉም መስኮች ተርታ ከፊት ነው። እውነት ነው። ግን ይህን ሰምቶ «ፍልስፍና ያጎብዛል» ብሎ መደምደም በመጀመሪያው የአመክንዮ ትምህርት የሚታረም ስሕተት ነው፤ ምናልባት ቀድሞውንም ጎበዝ አንባቢ የሆኑት ይሆናሉ ፍልስፍናን የሚመርጡት። ማስረጃው ከንቱ ነው አልልም፤ የሚሸከመው ክብደት ከሚጫንበት ያነሰ ነው።

የቤተሰብ ሌላ ሥጋት «ልጄ ሃይማኖቱን ይተዋል» የሚል ነው። ሥጋቱን ማናናቅ አይገባም፤ ተማሪው የእግዚአብሔርን መኖር የሚደግፉትንም የሚቃወሙትንም ክርክሮች ማንበቡ አይቀርም። ነገር ግን በግዕዝ ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ እንደሚገኝ ማስታወስ ይጠቅማል፤ የፈላስፎችን ቃል አንብቦና ለይቶ መጠቀም ለአገራችን ሊቃውንት አዲስ ነገር አልነበረም።

አማራጭ 2፦ ሕግ

ክርክር የሚወድ ልጅ ያላቸው ወላጆች መጀመሪያ የሚያስቡት ሕግን ነው፤ የሕግ ትምህርት ቤትም እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስላለ ከከተማው መውጣት አያስፈልግም። ትምህርቱ አምስት ዓመት ይፈጃል። የሕግ ፍልስፍናን ያካትታል፤ ፍሬ ነገርን ከሕግ ነጥብ መለየትን፣ ከቃላት ትርጉም መነሣትን፣ የተቃራኒ ወገንን መከራከሪያ አስቀድሞ መገመትን ያስተምራል። ስሙም በማስታወቂያ ላይ በቀጥታ ይጠራል፤ ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ባንክና ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች በስሙ ይቀጥሩታል።

ሆኖም ሕግ ፍልስፍናን ይተካል የሚለው አባባል በግማሹ ነው ልክ የሚሆነው። የሕግ ተማሪ የሚከራከረው በተሰጠ ድንጋጌ ውስጥ ነው፤ ድንጋጌው ፍትሐዊ ነው ወይ፣ ፍትሕስ ራሱ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በጥቂት ኮርሶች ይነሣና ይታለፋል። ለአንዳንዱ ተማሪ ይህ እፎይታ ነው፤ መሬት የረገጠ ክርክር ያገኛልና። ለሌላው ደግሞ መታፈን ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ችሎት ገብቶ አንድ ጠዋት ማሳለፍ ነው፤ ግልጽ ችሎት ለማንም ክፍት ነው። ወደ ትምህርት ቤቱ ለመግባት ያለው ውድድር ብርቱ ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት መልካም መሆን እንዳለበትም መታወቅ አለበት።

አማራጭ 3፦ ሥራ የሚፈለግበት ክፍል፣ ፍልስፍናን በጎን

አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንት፣ ወይም በፖሊ ግቢ ከሚሰጡት የምሕንድስናና የኮምፒውተር ትምህርቶች አንዱን ይዞ ፍልስፍናን በትርፍ ጊዜ መከታተል ለኪስ ከሁሉ የተሻለ፣ ለሥልጠናው ግን ከሁሉ የሚያሳስት አማራጭ ነው። የሚያሳስተው ቀላል ስለሚመስል ነው። ተማሪው አንድ ሁለት መጽሐፍ ያነባል፤ ዩቲዩብ ላይ ክርክር ያያል፤ በቡና ላይ ይሟገታል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የጨመረው የስሞች ዝርዝር ነው። ችግሩ የአራሚ እጦት ነው። እኔም አካውንቲንግ በተማርሁበት ዘመን ያለፍሁት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ማስተርስ ገብቼ የመጀመሪያ ጽሑፌ ሲመለስልኝ፣ በየአንቀጹ ሥር «ይህ ከምን ይከተላል?» የሚል ቀይ ጥያቄ ተደርድሮበት ሳየው ነው ለዓመታት አንብቤ አንዲትም ክርክር እስከ መጨረሻዋ ሠርቼ እንደማላውቅ የገባኝ።

አማራጩ እንዲሠራ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ዓመት የሎጂክ ኮርስ እንደ ማለፊያ ብቻ እንዳይታይ። ብዙ ተማሪ የስሕተት ዓይነቶችን ስም ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ የኮርሱ ጥቅም ግን አንድን የጋዜጣ አስተያየት ወስዶ መነሻና መደምደሚያውን ለይቶ በወረቀት ላይ መዘርጋት ነው። ይህን ልምድ የያዘ ተማሪ የኦዲት ሪፖርት ሲጽፍም ሆነ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስሕተት ሲፈልግ ይጠቀምበታል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የቆመው በዚያው «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» በሚሉት የአመክንዮ ቃላት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ሦስት ወይም አራት ሰው ሆኖ በየሁለት ሳምንቱ አንዱ አንድ ገጽ ጽፎ የሚያቀርብበት፣ ሌሎቹ የሚያርሙበት ስብስብ መመሥረት ነው። ንባብ ብቻ የሚወራበት ስብስብ አይበቃም። ቦታ አይቸግርም፤ ሐይቅ ዳር ካሉት የጥላ ሥር መቀመጫዎች አንዱ ይበቃል።

አማራጭ 4፦ መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ፣ ኋላ ማስተርስ በፍልስፍና

ይህ መንገድ የመጀመሪያውን ዲግሪ ለእንጀራ፣ ሁለተኛውን ለሥልጠናውና ለወረቀቱ ያደርጋል። ብልጫው የመመለሻ ዋጋው ዝቅተኛ መሆኑ ነው፤ ፍልስፍናው ባይሆን የመጀመሪያው ሙያ በእጅ አለ። ሥራ የቀመሰ ተማሪ ይዞ የሚመጣው ጥያቄም የተለየ ነው፤ ስለ ፍትሕ ሲነበብ ያለፈ የደመወዝ ዝርዝር፣ ስለ ኃላፊነት ሲነበብ የፈረመው ሰነድ ትዝ ይለዋል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ሌሎቹ ተማሪዎች በአራት ዓመት የሠሩትን የአመክንዮና የፍልስፍና ታሪክ መሠረት በሁለት ሴሚስተር ሩጫ መሙላት ግድ ይላል። በአሁኑ አሠራር ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ተማሪዎች «ጋት» የሚሉትን፣ ማለፍ ያስፈልጋል። ትምህርት ክፍሉም ከሌላ መስክ የመጣ አመልካች የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን የቤተሰብ ኃላፊነት ነው፤ ወንድም ወይም እኅት የሚያስተምር፣ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ሥራ ትቶ አዲስ አበባ ገብቶ መማር ስለማይችል ብዙዎች «ሚቀጥለው ዓመት» ሲሉ ዓመታት ያልፋሉ። ይህን አማራጭ የሚመርጥ ሰው ከመጀመሪያው ደመወዙ ጀምሮ ለዚሁ ብሎ ቢቆጥብና የሚገባበትን ዓመት ቆርጦ ቢይዝ ይሻለዋል።

አማራጭ 5፦ የቅኔ ቤት

ይህ አማራጭ በዩኒቨርሲቲ ካታሎግ ውስጥ ስለሌለ ብዙ ጊዜ ከንጽጽር ይወጣል፤ በጎጃም ምድር ላይ ሆኖ ፍልስፍናን ለማነጻጸር ተቀምጦ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራንና ጎንጅን መዝለል ግን ትልቅ ጉድለት ነው። በአራሚ መስፈርት ስንመዝነው እንዲያውም ከማንም አያንስም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ከፍ ሲልም ወደ መወድስ ይሸጋገራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታም ሰምተው ያቃኑለታል ወይም ይመልሱታል። ሰምና ወርቅ ማለት አንድ ቃል በሁለት ትርጉም እንዲቆም አድርጎ፣ ሁለቱም ትርጉሞች እስከ ቤቱ መድፊያ ሳይፋለሱ ማስኬድ ነው። የቃልን ትርጉም መንሸራተት ለመያዝ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም፤ ልዩነቱ ቅኔ ድርብ ትርጉሙን ሆን ብሎ መገንባቱ፣ የአመክንዮ ተማሪ ደግሞ እርሱኑ እንደ ስሕተት ማደኑ ነው።

ገደቦቹ ግልጽ ናቸው። ወረቀቱ በመንግሥት ቅጥር እንደ ዲግሪ አይቆጠርም፤ ትምህርቱ በግዕዝና በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውስጥ ስለሆነ ለሁሉም አይሆንም፤ ጊዜውም እንደ ተማሪው ነው። ለሴቶች በሩ ጠባብ ሆኖ ኖሯል፤ የጽላሎዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ አስተማሪ ሆነው መነሣታቸው በሩ ጨርሶ እንዳልተዘጋ ያሳያል። ሙስሊም ተማሪም በደረሳነት ትምህርት ውስጥ መንጢቅ የሚባለውን የአመክንዮ ትምህርት ያገኛል። ይህን አማራጭ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ወይም በክረምት ዕረፍት መያዝ እንጂ በዲግሪው ፈንታ ማስቀመጥን ለአብዛኛው ሰው አልመክርም።

አጠቃላይ ሠንጠረዥ

| መስፈርት | ፍልስፍና በዲግሪ | ሕግ | ሌላ ክፍል፣ ፍልስፍና በጎን | ኋላ ማስተርስ | ቅኔ ቤት |
|---|---|---|---|---|---|
| ጊዜ | 4 ዓመት | 5 ዓመት | እንደ ዋናው ክፍል | ከመጀመሪያው ዲግሪ በተጨማሪ | እንደ ተማሪው |
| የቤተሰብ ወጪ | ከባሕር ዳር መራቅ ስለሚኖር ከፍ ያለ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | በራስ ቁጠባ | በገንዘብ ትንሽ፣ በልፋት ብዙ |
| በማስታወቂያ ላይ ስሙ | አልፎ አልፎ | በቀጥታ | በቀጥታ | በመጀመሪያው ሙያ በቀጥታ | የለም |
| አራሚ | ብርቱ | ብርቱ፣ በሕግ ወሰን | ተማሪው ካልፈጠረው የለም | ብርቱ | እጅግ ብርቱ |
| የሚከፍተው በር | ማስተርስ፣ ምርምር፣ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር | ፍርድ ቤት፣ ጥብቅና፣ ማስተርስ | በዋናው ሙያ | ማስተማርና ምርምር | የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት፣ ሥነ ጽሑፍ |
| የመመለሻ ዋጋ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

ቤተሰቡ ልጁ ከተመረቀ በኋላ ወዲያው ደመወዝ እንዲያመጣ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ተማሪው ፍልስፍናን የቱንም ያህል ቢወድ ከሦስተኛው አማራጭ ጀምሮ ወደ አራተኛው ቢያመራ ይሻላል። ይህን ስል ፍልስፍና የባለጠጋ ልጅ ትምህርት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሥራ ፍለጋው የሚወስደውን ተጨማሪ ጊዜ የሚሸከም ሰው ማነው የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ በቤት ውስጥ መነጋገሪያ መሆን እንዳለበት ለማሳሰብ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ማስተማርን ወይም ምርምርን የሚያልም፣ በእንግሊዝኛ ንባብ የማይፈራ፣ ከመጀመሪያ ዲግሪው ማግሥት ማስተርስ ለመቀጠል ቤተሰቡ የተስማማለት ተማሪ የመጀመሪያውን አማራጭ ያለ ፍርሃት ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ላለው ተማሪ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። ማስተርሱን ያልተስማማበት ቤተሰብ ግን ውሉን ገና ሳይፈርም ማፍረሱ ነውና፣ ነገሩ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ይነሣ።

ክርክር ወዳድ ሆኖ ክርክሩ በፍርድ እንዲቋጭለት የሚፈልግ ወደ ሕግ ይሂድ። ክርክሩ ካለቀ በኋላም ጥያቄው ሲከተለው የሚያድር ተማሪ ግን ሕግ ገብቶም ቢሆን ስለ አራተኛው አማራጭ ማሰቡ አይቀርም።

ሥራ ላይ ያለና ወደ ትምህርት መመለስ የማይችል ሰው ሦስተኛውን አማራጭ ከነስብስቡ ይያዝ፤ ግዕዝ የሚያውቅ ከሆነም ቅኔ ቤት ጎራ ይበል።

ለዘጌው አባት የሰጠሁት መልስ ይህን ሁሉ አልያዘም። ልጅዎ ከአሁኑ እስከ ቅጽ መሙያው ድረስ አንድ ጥያቄ መርጦ ሁለት ገጽ ይጻፍ አልኋቸው፤ ለምሳሌ የአባቱን ቡና ዋጋ ነጋዴዎች ተስማምተው ዝቅ ቢያደርጉት በደል ነው ወይስ ገበያ የሚለውን። የሎጂክ መምህርም ይሁን ጎበዝ የሕግ ባለሙያ፣ የሚያርመው ሰው ይፈልግና ይስጥ፤ ሲመለስለት እንደገና ይጻፍ፤ ሦስተኛ ጊዜም ይመለስለት። አራተኛውን ጽሑፍ ማንም ሳያዘው ከጀመረ ስለ መጀመሪያው ወይም ስለ አራተኛው አማራጭ ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ በሁለተኛው ላይ ከሰለቸ ደግሞ ያጠፋው ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። አባትየው ጥቂት አሰቡና «የቡናውን ነገርማ እኔም አብሬው ልጻፈው» አሉኝ።